ውሃ ያልነካት ኩራዝ

የዚያች አገር ሰዎች ስለ አገራቸው ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ስለነበር ስሟ በደንብ ሳይሰማ ቀርቷል። ተራራ የበዛባት፣ ትምህርት የሚወደድባት አገር እንደነበረች ግን ይታወቃል። ንጉሧም ትምህርትን ከማንም በላይ ይወዱ ነበር። ችግሩ፣ የሚወዱትን ነገር ሁሉ በዓይናቸው ካላዩ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው መሆናቸው ነው። እህሉን ጎተራ ገብተው፣ ፈረሱን ጋጣ ወርደው ያያሉ። ትምህርትንስ የት ሄደው ይዩት? አንድ ጊዜ ትምህርት ቤት ሄዱ። ልጆች ተቀምጠው መምህር ሲናገር ተመለከቱና፣ "ይህ መቀመጥ ነው፤ ትምህርቱ የታለ?" ብለው ተመለሱ።

ያኔ የቤተ መንግሥቱ ጠበብት መክረው የኩራዝ ቤትን ሠሩላቸው።

የኩራዝ ቤት በዋናው ከተማ የሚገኝ ረጅም አዳራሽ ነው። በአገሩ ላለ ለእያንዳንዱ ተማሪ ከብርጭቆ የተሠራች፣ በዓመቱ መጀመሪያ ጥቂት ዘይት የሚቀዳላት አንዲት ኩራዝ በመደርደሪያ ላይ ትበራለች። በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ደግሞ ጠያቂ መስኮት የሚሏት አለች። ጠዋት ስትከፈት ልጆች ከፊቷ ይሰለፋሉ። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱን ጥያቄ ታሳየዋለች፤ ከሥሯ መልስ የተጻፈባቸው ገመዶች ተንጠልጥለዋል። ልጁ ትክክል ነው ያለውን ይስባል። ገመዱ ተራራ ወጥቶ ገደል ወርዶ ኩራዝ ቤት ይደርሳል። ልጁ ካወቀ በኩራዙ ውስጥ አንዲት ጠብታ ዘይት ትወርዳለች፤ ከሳተ አንዲት ጠብታ ውሃ። ፀሐይ የትምህርት ቤቱን ደፍ ስትነካ መስኮቷ ትዘጋለች።

ንጉሡ አዳራሹን ባዩ ጊዜ እንባ መጣባቸው ይባላል። የአገራቸውን ትምህርት በአንድ ጣሪያ ሥር ሲበራ አዩት። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት ሄደው አያውቁም።

ኩራዝ ቤቱ ብዙ ሹማምንት ነበሩት። ጠዋት ጠዋት በጣም ለደመቁት ኩራዞች እጅ የሚነሳ ሹም ነበር፤ ሥራው ይኸው ብቻ ነው፤ ወገቡን ሲያመው ምክትሉ እጅ ይነሳለታል። የብርሃኑን መጠን ለንጉሡ በዜማ የሚያሰማ ሌላ ሹም ነበር። ከሁሉም በላይ ሊቀ ኩራዝ ደምመላሽ ነበሩ። ከሥር ያሉት ኩራዝ ጠባቂዎች ይባላሉ፤ እያንዳንዱ የተሰጠውን መደርደሪያ ይመለከታል። ለጠባቂዎች የወጣው የመጀመሪያ ሕግ፣ የሚጠብቁትን ልጅ በአካል እንዳያዩ ይከለክላል። የልጅ ፊት ያሳስታል፤ ኩራዝ አያሳስትም ተብሎ ይታመን ነበር።

ከጠባቂዎቹ አንዱ ይርዳው የሚባል ወጣት ነው። በር ቆልፎ ሄዶ መንገድ ከጀመረ በኋላ ተመልሶ እጀታውን የሚነካካ ዓይነት ሰው ነበር። ያየውን ነገር ደግሞ ካላየው አያምንም፤ ዳግመኛ ሲያየው ግን የፊተኛው ማየቱ ትክክል ይሁን የኋለኛው ይጠራጠራል። የተሰጠው መደርደሪያ በቆላው ሸለቆ ያለ የአንድ ትምህርት ቤት ነበር፤ ከኩራዝ ቤቱ ሁሉ እጅግ ከደመቁት አንዱ። እጅ ነሺው ሹም እዚያ ሲደርስ ጎንበስ እንዳለ ነበር የሚያልፈው።

በየትምህርት ዓመቱ ማብቂያ የማጣሪያ ቀን ይባል የነበረው ቀን ይመጣል። ዘይቷ በብርጭቆው ላይ ከተሠመረው ቀይ መስመር በታች የወረደ ኩራዝ ክዳን ይደፋባታል፤ ባለቤቷ ልጅ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ወደ ገመድ ቤት ይሄዳል። ገመድ ቤት ቃጫ ተፍቆ የመስኮቶቹ ገመድ የሚገመድበት ነው። አገሩ ሰፊ ስለሆነ ገመዱ ብዙ ነበር፤ ገማጅ ጠፍቶ አያውቅም።

በዚያ ዓመት ማጣሪያ ይርዳው መደርደሪያውን ሲፈትሽ ከጫፍ ያለችው ኩራዝ ከቀይ መስመሩ በታች ወርዳ አገኛት። ይህ አልገረመውም። የገረመው ሌላ ነው። የደበዘዙ ኩራዞች ከሥራቸው ውሃ ያቁራሉ፤ ነበልባላቸው ይንጣጣል፣ ይንቀጠቀጣል። ይህችኛዋ ግን ምንም ውሃ አልነበረባትም። ነበልባሏ ትንሽ ናት፤ ግን ቀጥ ያለች፣ ጸጥ ያለች ናት። ይርዳው ብርጭቆውን በሻሽ ወልውሎ ደግሞ አየ።

"ጋሽ ቢተው፣ ይቺን እስቲ ይዩልኝ" አለ በአጠገቡ ለሚሠሩት አንጋፋ ጠባቂ።

"ምን ሆነች?"

"ከመስመሩ በታች ናት። ግን ውሃ የለባትም።"

"ታዲያ ምን ፈለግህ? ልጨምርላት?"

"የሳተ ልጅ ውሃ ይኖርበታል። ይቺ አንድም ቀን አልሳተችም ማለት ነው።"

"አላወቀችምም ማለት ነው።"

"ምናልባት ገመዱን አልሳበችው ይሆናል።"

"ያወቀ ይስባላ" አሉ ጋሽ ቢተው ወደ መደርደሪያቸው እየተመለሱ። "እኔ ከምሳ በፊት ስንቱን አገር ልጨርስ ነው፣ አንተ ከአንዲት ኩራዝ ጋር ትፋጠጣለህ። ስም ልታወጣላት ነው?"

ይርዳው አልረካም። ኩራዟን በሁለት እጁ ይዞ ሊቀ ኩራዝ ደምመላሽ ዘንድ ገባ። ሊቀ ኩራዙ ክፉ ሰው አልነበሩም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ብርሃን ሲያዩ ስለኖሩ ዓይናቸው ያነባል፤ በመሐረብ ይጠርጋሉ። ኩራዟን ተቀብለው አገላበጧት።

"በሕጋችን ስንት ዓይነት ኩራዝ አለ፣ ይርዳው?"

"ሁለት ነው ጌታዬ። የደመቀና የደበዘዘ።"

"ይቺ ደምቃለች?"

"አልደመቀችም።"

"ታዲያ ሦስተኛ ዓይነት ከየት አመጣህብኝ?"

"አላመጣሁም ጌታዬ። መደርደሪያው ላይ አገኘኋት።"

ሊቀ ኩራዙ ፈገግ አሉ። "የጥርጣሬ ጨርቅ አለልህ አይደል? ስቀልባት። ማን ከለከለህ?"

እውነታቸውን ነው፤ የከለከለው አልነበረም። ለእያንዳንዱ ጠባቂ አንድ ግራጫ ጨርቅ ተሰጥቶታል። የተጠራጠረ ጠባቂ ጨርቁን ኩራዟ ላይ ከሰቀለ፣ ማጣሪያው ይቆምላትና ኩራዝ ቤቱ ልጁን የሚያይ ሰው እንዲልክ ይገደዳል። ነገር ግን ጨርቁ ሲሰቀል ያየ ሰው በሕይወት አልነበረም። በየዓመቱ ይታጠባል፣ ይተኮሳል፣ ታጥፎ ወደ ጠባቂው ይመለሳል።

ይርዳው መደርደሪያው ፊት ጨርቁን ይዞ ቆመ። አወጣው፤ ዘረጋው። ከዚያ እንደ ልማዱ ራሱን ይጠይቅ ጀመር። ብርጭቆው አታሎኝ ቢሆንስ? ውሃው ደርቆ ቢሆንስ? ከእኔ በፊት የነበሩት ሁሉ፣ እነ ጋሽ ቢተው፣ አንድም ቀን ያልሰቀሉትን እኔ ማን ነኝና እሰቅላለሁ? ሰቅዬ ብሳሳት በመደርደሪያው ፊት ማለፍ አልችልም። ጨርቁን በተተኮሰበት እጥፋት አጥፎ ወደ ኪሱ መለሰው። ክዳኑን አነሳና በኩራዟ ላይ ደፋው። ሌሎች ኩራዞች ሲከደኑ ይንጣጣሉ፣ ይተነፍሳሉ። እሷ ምንም ድምፅ ሳታሰማ ጠፋች።

ክረምቱ አልፎ ትምህርት ሲጀመር መደርደሪያው መለወጥ ጀመረ። በመጀመሪያ አንዱ ኩራዝ ሥር ውሃ ታየ፤ ከዚያ በጎኑ ባለው፤ ከዚያ በሌላው። የዓመቱ አጋማሽ ሳይደርስ ያ ደማቅ መደርደሪያ ከዳር እስከ ዳር የሚንጣጣ ሆነ። እጅ ነሺው ሹም በዚያ ሲያልፍ ቀጥ ብሎ መሄድ ጀመረ፤ ወገቡም ተሻለው። ይርዳው ሮጦ ለሊቀ ኩራዙ ነገራቸው።

"ይህማ ግልጽ ነው" አሉ ሊቀ ኩራዙ። "ያቺ የደበዘዘችው ዘግይታ ስለወጣች ነው። ጎረቤቶቿን በክላቸዋለች። ቀደም ብለህ አጥፍተሃት ቢሆን ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር።"

ይርዳው ይህን መልስ ይዞ ወጣ። መልሱ ከሕጉ ጋር ይስማማል፤ ከኩራዞቹ ጋር ግን አልስማማ አለው። አንድም ውሃ ያልነበረባት ኩራዝ ውሃን እንዴት ታስተላልፋለች? በማግስቱ ታምሜያለሁ ብሎ ለጋሽ ቢተው ላከና፣ የገመዶቹን መስመር ተከትሎ ወደ ቆላው ሸለቆ ወረደ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ደረሰ። ልጆቹ ከመስኮቷ ፊት ተሰልፈው ነበር። አንድ ጥርሱ የወለቀ ትንሽ ልጅ ተራው ደርሶ ሲስብ አየው፤ ልጁ ሳበና እንዳቀረቀረ ተመለሰ። ከዋርካው ሥር ጋቢያቸውን የተከናነቡ ሽማግሌ ቆመዋል፤ የትምህርት ቤቱ መምህር ጓንጉል ነበሩ።

"ከየት ነህ ልጄ?" አሉት ሻካራ፣ ቀጭን በሆነ ድምፅ።

"ከኩራዝ ቤት።"

ከእግር እስከ ራሱ አዩት። "የኩራዝ ቤት ሰው እግር አለው እንዴ? እኛ ዓይን ብቻ ነበር የሚመስለን።"

ይርዳው የመጣበትን ነገራቸው፤ ከመደርደሪያው ጫፍ ስለነበረችው፣ ባለፈው ማጣሪያ ስለጠፋችው ኩራዝ ጠየቀ።

"አንጓች ናት" አሉ መምህሩ። ልጆቹን ተመለከቱ። "ሁልጊዜ ከሰልፉ መጨረሻ ነበር የምትቆም። ከፊቷ ላለው ታስረዳለች፣ እሱ ገብቶት ሲያልፍ ቀጥሎ ላለው ታስረዳለች። ገመዱን አትጠቁምም፤ ጥያቄው ለየልጁ የተለያየ ስለሆነ ብትጠቁምም አይጠቅምም ነበር። መንገዱን ነው የምታሳያቸው። መሬት ላይ ትሥላለች፣ ጠጠር ትደረድራለች፣ ትስቅባቸዋለች። የእሷ ተራ ሲደርስ ፀሐይዋ ደፉን ትነካለች፤ መስኮቷም ትዘጋለች።"

"ለምን ከፊት አላቆሟትም?"

"ከፊት ባቆማት ከኋላ ያሉትን ማን ያስረዳልኝ? ድምፄን ትሰማዋለህ፤ ከሁለተኛው አግዳሚ አያልፍም። እኔም ተመቸኝና ዝም አልኩ።" ጋቢያቸውን ሳብ አደረጉ። "ደግሞ እናንተን አምኜ ነበር። ኩራዟ ውሃ እንደሌለባት ያያሉ፣ ግራ ይገባቸዋል፣ ሰው ይልካሉ ብዬ ነበር።"

"አይተናል" አለ ይርዳው።

መምህሩ የገመድ ቤቱን መንገድ በእጃቸው አመለከቱት። 

ገመድ ቤቱ ከወንዙ ማዶ ነው። ብዙ ልጆች በረድፍ ተቀምጠው ቃጫ ጭናቸው ላይ እያሹ ይገምዱ ነበር። አንጓች ቀጭን፣ ቅንድቧ የገጠመ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ልጅ ናት። ከትምህርት ቤት እንደመጣ ሲነግራት እጇን አላቆመችም፤ ፊቷ ግን በራ።

"ዛሬ መስኮቷ ምን ጠየቀች?"

ይርዳው ጥርሱ የወለቀው ልጅ ሲስብ ከመስኮቷ ያነበበውን አስታወሰ። "ሦስት ወንድማማቾች አንድ ማሳ እኩል ተካፈሉ። አንደኛው ድርሻውን ለሁለት ልጆቹ እኩል ቢሰጥ፣ አንዱ ልጅ ከማሳው ስንተኛውን ያገኛል? ትላለች።"

"ስድስተኛውን" አለች ወዲያው። "ለማን ነው የጠየቀችው?"

"ጥርሱ ለወለቀ ልጅ።"

"ድንቁ! እንግዲያው አምስተኛውን ነው የሳበው" ብላ ሳቀች። "ሦስትና ሁለትን ይደምራል። ሰነፍ እንዳይመስልዎት፤ ማሳውን መሬት ላይ ሥለው ልጆቹን መሐሉ ካላቆሙለት አይታየውም። አንዴ ከታየው ግን አይረሳም። ማን ሣለለት ዛሬ?"

ድንቁ የሳበው በእርግጥ አምስተኛውን ነበር። ከኩራዝ ቤቱ ያች ስሕተት አንዲት ጠብታ ውሃ ብቻ ሆና ነበር የምትታየው።

"አንጓች" አለ ይርዳው፣ "ኩራዝሽን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

እጇ ቆመ። እጆቹን አየቻቸው። "በጣት ነው ወይስ በክዳን?"

"በክዳን።"

"እኔ በጣት መስሎኝ፣ ያጠፋትን ሰው ፈጅታው ይሆን እያልኩ ነበር" አለችና ወደ ቃጫዋ ተመለሰች።

ይርዳው ወደ ከተማ ሲመለስ በመንገዱ ሁሉ የሚናገረውን ሲለማመድ ሄደ። አንዱን ቃል ያወጣል፣ ሌላውን ያስገባል፣ የፊተኛው ይሻል ነበር ይላል። በኩራዝ ቤቱ ደንብ ልጅ ያየ ጠባቂ በሹማምንቱ ፊት ዓይኑን በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ አለበት፤ እጅ ነሺው ሹም ከማንቆርቆሪያ እያፈሰሰለት ታጠበ። ከዚያ ውሃው ካገጩ እየተንጠባጠበ ሁሉንም ተናገረ። የሰልፉን መጨረሻ፣ የመሬት ሥዕሉን፣ ደፉን የነካችውን ፀሐይ፣ ያልሰቀለውን ጨርቅ። ሊቀ ኩራዝ ደምመላሽ መሐረባቸውን ዓይናቸው ላይ ይዘው አዳመጡ። በእርግጥ አዘኑ።

"የምታውቅ ልጅ ሳናያት ቀረን" አሉ በመጨረሻ። "ትልቅ ጥፋት ነው። መስተካከል አለበት። ልጅቷ በምሕረት ትመለስ። ከሰልፉም መጀመሪያ ትቁም።"

ይርዳው ካገጩ የሚንጠባጠበውን ውሃ በእጅጌው ጠረገ።

"ሌላም አለ" ቀጠሉ ሊቀ ኩራዙ። "ያ መደርደሪያ ሲደምቅ የኖረው በማን እውቀት ነበር? በሷ። በአንዱ ኩራዝ የሌላው ዘይት ከገባ እኛ የምናየው ማንን ነው? ከእንግዲህ በአገሩ ሁሉ፣ በሰልፍም ሆነ በመስኮቷ አካባቢ ልጅ ለልጅ እንዳያስረዳ። ያስረዳ ኩራዙ ይከደንበት። ያኔ እያንዳንዱን ልጅ ጥርት አድርገን እናያለን።"

ይርዳው አፉን ከፈተ። ሊናገረው የሚገባ አንድ ነገር ነበር፤ ዘይቱ የልጆቹ የራሳቸው እንደነበር፣ አንጓች ያሳየቻቸው መንገዱን ብቻ እንደሆነ ያውቃል። ግን ሊቀ ኩራዙ ትእዛዙን ገና አላተሙትም። ብናገር ቢቆጡስ? ምሕረቱን ቢያነሱትስ? በመጀመሪያ ትመለስ፤ ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል ብሎ አሰበ።

"አመሰግናለሁ ጌታዬ" አለ።

አንጓች ተመለሰች። ኩራዟ ክዳኑ ተነሳላትና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዘይቷ ከቀይ መስመሩ አለፈ፤ እያደር እስከ አፏ ደረሰ። እጅ ነሺው ሹም እንደገና ወገቡን ያመው ጀመር። "ስም አወጣህላት ማለት ነው" አሉ ጋሽ ቢተው የይርዳውን ትከሻ መታ አድርገው፤ ሌሎቹም ጠባቂዎች ሲያልፉ እጁን ይጨብጡት ነበር። ይርዳው እያመሰገነ የጎኖቿን ኩራዞች ያያል። ውሃው አልቀነሰም። ጨምሮ ነበር።

በመጨረሻ ፈቃድ ጠይቆ ዳግመኛ ወረደ፤ አሁን የተከበረ ሰው ስለሆነ ፈቀዱለት። ሲደርስ ሰልፉ ጸጥ ያለ ነበር። መምህር ጓንጉል ከዋርካው ሥር በአንገታቸው ሰላም አሉት፤ አጠገቡ ግን አልመጡም። አንጓች ከሰልፉ ፊት ቆማለች። ከኋላዋ ድንቁ በእንጨት መሬት ላይ ማሳ ይሥላል፤ አንዱን መስመር በተሳሳተ ቦታ አስምሮ ቀና ይልና ጀርባዋን ያያል። እሷ ዞር አላለችም። ተራዋ ደረሰ፤ ሳበች፤ ወደ አግዳሚዋ ሄዳ ተቀመጠች። ድንቁም ሳበና እንዳቀረቀረ ወደ ሥዕሉ ተመለሰ።

ፀሐይዋ ደፉን ነክታ መስኮቷ ስትዘጋ ይርዳው አንጓችን ወደ ጥላው ጠራት። ልብሷ ንጹሕ ነው፤ ጭኗ ላይ የነበረው የቃጫ ቁስል ጠባሳ ሆኖ በቀሚሷ ጫፍ ሥር ይታያል።

"ድንቁ ማሳውን ሲሥል አየሽው?"

"አየሁት።"

"ተሳስቷል።"

"አዎ። መሐለኛዋን መስመር ነው የሳታት።"

"አሁን ሰልፉ አልቋል። መስኮቷም ተዘግታለች። ራቅ ብለሽ ብትነግሪው ማን ያይሻል?"

አንጓች ወደ ልጁ አልተመለከተችም። "የሱ ኩራዝ የሱ ነው ጋሼ" አለች፤ የተማረችውን እንደሚደግም ሰው። ከዚያ ጠጋ ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው፦ "የኔስ እንዴት ነች?"

"ደምቃለች።"

"ከሁሉም?"

"ከሁሉም" አለ ይርዳው።

ፈገግ አለችና ወደ ክፍሏ ሮጠች።

ይርዳው በግቢው መሐል ብቻውን ቆሞ ቀረ። ድንቁ አሁንም በተሳሳተው ማሳ ላይ አቀርቅሮ ነበር። ይርዳው ሄዶ በአጠገቡ ቁጢጥ አለ፤ እንጨቱን ቀስ ብሎ ከልጁ እጅ ተቀበለና መሐለኛዋን መስመር አንቀሳቀሳት። "እዚህ ላይ ብታደርጋት" አለው፣ "ሁለቱ ልጆች የሚቆሙበትን ታያለህ።"

ድንቁ መጀመሪያ ወደ ሥዕሉ አየ። ቀጥሎ ወደ ተዘጋችው መስኮት አየ። ከዚያ ተነሳና ማሳውን በእግሩ አበሰው።